ሳልሳሳት የደገምሁባቸው ቀኖች

ባለቤቴን በቀበርንበት ቀን ዜማው አንድም ቦታ አልተሰበረብኝም። ጎረቤቱ፥ የዕድሩ ሰው፥ ከገበያ ሱቋን ዘግታ የመጣችው ወዳጇ ሳትቀር በመቃብሩ ዙሪያ ሲያለቅሱ እኔ መቋሚያዬን ተደግፌ የፍትሐቱን ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው መራሁ። ሥርዓቱ ሲፈጸም ካህናቱ ትከሻዬን እየያዙ፦ «መሪጌታ፥ እንዴት ያለ ጽናት ነው የሰጠዎት!» አሉኝ። ምስጋናቸውንም እንደሚገባኝ አድርጌ ተቀበልሁ። ልጄ ግን ከሴቶቹ መካከል ሆና ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል ታየኝ ነበር። ዛሬ ካላለቀሰ መቼ ሊያለቅስ ነው ብላ ትፈራ እንደ ነበር የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ታመምሁ። በአዋሳ ታቦር ሰፈር በሚገኘው ቤታችን የፊተኛው ክፍል ዜማ የሚማሩትን ዲያቆናት ጉሮሮዬን አሞኛል እያልሁ መለስኋቸው። ጉሮሮዬ ጤነኛ ነበር፤ ድምፁ ነው ከጉሮሮ በታች፥ ልደርስበት በማልችለው ስፍራ የተኛው። እህል ጣዕም አጣብኝ። ማለዳ ማለዳ ከአልጋዬ ለመነሣት የሚያበቃ ምክንያት እፈልግና ሳላገኝ እመሻለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ መራቅ ደረስሁ። ጸሎቴን በከንፈሬ ባደርስም ልመናዬ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ጠበበ፦ «ጌታ ሆይ፥ ውሰደኝ» ወደ ማለት። ልጄ አንድ ማለዳ ሻይ ይዛልኝ ስትገባ ይህን ሰማች። ብርጭቆውን አስቀምጣ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«አባዬ፥ እናቴን ቀብሬያለሁ። አንተን ደግሞ በቁምህ ልቀብርህ ነው?»

«ጸሎት ነው ልጄ።»

«ጸሎት ቢሆን ኖሮ እኔ ስገባ ደንግጠህ ዝም አትልም ነበር።»

ለሷ ስል መዳን እንዳለብኝ የተሰማኝ በዚያች ማለዳ ነው፤ እንዴት እንደሚዳን ግን አላውቅም ነበር።

ጸበል ተጠመቅሁ፤ እምነቴም አልጎደለም። የንስሐ አባቴ ጸበሉንም እንዳልተው፥ ሐኪሙንም እንዳልንቅ መከሩኝ። በሆስፒታል ያየኝ ሐኪም በሽታዬን ድባቴ ብሎ ጠራው፤ የሚዋጥ መድኃኒትም አዘዘልኝ። እንቅልፌ ጥቂት ተመለሰ፤ ድምፄ ግን በተኛበት ቀረ። በሌላ ቀን ስመለስ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፦ «አባቴ፥ ይህ ሐዘን በባለቤትዎ ሞት የጀመረ አይመስለኝም። ሥሩ ሩቅ ነው። ያለፈውን ሕይወትዎን አብራዎት የምትመረምር፥ በንግግር የምታክም ባለሙያ አለች» አለኝ። ሳይኮአናሊሲስ የሚባለውን የሕክምና መንገድ የተማረች፥ መሃል ከተማ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለ ክፍል የምትሠራ ወጣት ሴት ናት።

በማኅሌት ከጎኔ የሚቆመው የረጅም ዘመን ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«እና መድኃኒቱ ወሬ ነው?»

«ንግግር ነው አሉኝ።»

«ያንተን ንግግር ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ሰምቼሃለሁ እኮ! ምን በደልሁህና ወደ ሌላ ትሄዳለህ? ለመሆኑ ማን ናት?»

«የሲዳማ ልጅ ናት። እምነቷም ከኛ አይደለም፤ ጴንጤ ናት ይላሉ።»

«በል እንግዲህ፥ በመቋሚያ ሄደህ በጊታር ተመለስ!»

እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አልሁ። እሱ ግን ሳቁን አቁሞ እጄን ያዘኝና፦ «ሂድ። ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሳየው ዜማው ይጠፋብኛል» አለኝ።

በባጃጅ ሄድሁ። ክፍሉ ሁለት ወንበሮች፥ አንድ መስኮትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ያሉበት ነው። እሷ ፊት ለፊቴ አልተቀመጠችም፤ ትንሽ ወደ ጎን ብላ፥ ካሻኝ ወደ መስኮቱ እንዳይ አድርጋ ተቀመጠች። አማርኛዋ የአዋሳ ልጆች አማርኛ ነው፤ ለስላሳና ያልቸኮለ። ዘወትር ሐሙስ በተወሰነች ሰዓት እንደምንገናኝ ከነገረችኝ በኋላ፦ «እዚህ ወደ አእምሮዎ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጡና ሳያስተካክሉ ይናገሩ። ቁም ነገር ባይመስልዎትም ይናገሩት» አለችኝ።

ይህ ትእዛዝ ምን ያህል እንደ ከበደኝ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። እኛ የተማርነው የተሰጠንን መቀበልና የተቀበልነውን ሳይጎድል ሳይጨመር መመለስ ነው። ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ሲቀመጥ በመጀመሪያ የትናንቱን ቀለም፥ ማለትም ትናንት የተሰጠውን ትምህርት፥ በቃሉ ይደግማል። አንዲት ፊደል ሳትወድቅበት ከደገመ አዲስ ቀለም ይቀበላል፤ ከተሳሳተ ግን አይሰጠውም፤ በእኔ ዘመን ደግሞ አለንጋም ይጨመርበታል። ከራሱ ልብ አንሥቶ የሚናገረው አንዳችም ነገር የለም።

ስለዚህ በሁለተኛው ሐሙስ ተቀምጬ፥ ዐይኔን ጨፍኜ፥ ባለፈው የተናገረችውን ሁሉ ከሰላምታዋ ጀምሮ በቃሌ ደገምሁላት። በሦስተኛውም እንዲሁ። ሳምንቱን ሙሉ በቤቴ እየተመላለስሁ አጠናዋለሁ፤ ልጄም «አባዬ ማስተማር ሊጀምር ነው» ብላ ተስፋ ታደርግ ነበር። ባለሙያዋ ግን እኔን ከማዳመጥ በቀር ምንም አላለችም። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ስቆ ወይም ሰልችቶ ያቋርጠኝ ነበር። እኔ ደግሜ ስጨርስ እጄን አጣጥፌ አዲሱን ቀለም እጠብቃለሁ፤ አዲስ ቀለም ግን አይመጣም። ሰዓቱ ያልቃል፤ ተነሥታ በሩን ትከፍትልኛለች፤ «ሐሙስ እጠብቅዎታለሁ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ልጄ፥ የምትሰጪኝ ነገር የለሽም ማለት ነው?»

«ምን እንድሰጥዎ ጠብቀው ነበር?»

«ትምህርት! ምክር! ይህን አድርግ፥ ይህን አታድርግ የሚል ነገር።»

«ሳልሰጥዎ ስቀር ተናደዱብኝ?»

«እኔ? በፍጹም።»

«ቢናደዱብኝ እዚህ ክፍል ውስጥ ይቻላል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ መከፋትም መሸነፍም አልነበረም። በጎዳና ላይ የሚጮኸው ባጃጅ እስኪያልፍ ጠብቃ ደግማ፦ «ምንም አይደርስብዎትም» አለችኝ። ይህች የመጨረሻ ቃል ወደ ቤት ስመለስ አብራኝ ሄደች። ምን እንደ ነካችብኝ ግን አላወቅሁም።

ነገሩ የተገለጠው በአንድ ዝናባማ ሐሙስ ነው። መንገዱ ውኃ ሞልቶት ባጃጁ ቆመና ቀሪውን በእግሬ መጥቼ፥ ጋቢዬ ረጥቦ፥ ደክሞኝ ተቀመጥሁ። እንደ ልማዴ መድገም ጀመርሁ። መካከል ላይ ስደርስ ቀጣዩ ቃል ጠፋ። ከፊት ተመልሼ ብነሣም ከዚያው ስፍራ ስደርስ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ያላሰብሁት ነገር ሆነ። ቀኝ ክንዴ ራሱን ችሎ ተነሣና ራሴን ከለለ። ከአፌም «ይማሩኝ የኔታ» የሚል ቃል ወጣ።

እኛ የኔታ የምንለው መምህራችንን ነው። ሽበት የወረሰኝ ሰው በልጄ ዕድሜ ካለች ሴት ፊት ክንዴን ከራሴ በላይ አንሥቼ ተቀምጫለሁ። እፍረት ሊገድለኝ ደረሰ። እሷ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ልታጽናናኝም አልቸኮለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ክንድዎን ይመልከቱት። ማን ሊመታዎ ነበር?» አለችኝ።

የማውቀውን ታሪክ ነገርኋት። ለማንም ያልተናገርሁት ቢሆንም የደበቅሁት አልነበረም፤ የሚነገር ነገር አይመስለኝም ነበር። ጎጃም ውስጥ ገና ልጅ ሳለሁ አባቴ ለመምህር ሰጠኝ። ከቤታችን የሩቅ መንገድ ነው። አንድ ማለዳ አጎቴ መጥቶ ከመምህሩ ጎጆ ደጅ ቆሞ ሲያንሾካሹክ እኔ ከጎጆው ጀርባ እንጨት እሰብር ነበር፤ እናቴ መሞቷን በዚያ ሰማሁ። መጥተው ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። አጎቴ እኔን ሳያይ ተመለሰ። መምህሬ ግን እንደ ወትሮው ጠሩኝና፦ «ድገም» አሉኝ። ጀመርሁ፤ መካከል ላይ ቃሉ ጠፋ። አለንጋው ወረደ። «እናቴ» አልሁ። መምህሬ አለንጋውን እንደያዙ፦ «ሰምተሃል ማለት ነው። የሞተ ሰው በጸሎት ይረዳል፤ ልቅሶ አይረባውም። ድገም!» አሉ። ደገምሁት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፥ አንዲት ፊደል ሳትወድቅብኝ። ከዚያ ራሴን ዳሰሱኝና «ጎበዝ» አሉኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም፤ አልቅሼም አላውቅም።

ይህን ሁሉ የተናገርሁት በንባብ ቃና ነው፤ የሌላ ሰው ታሪክ እንደማነብ ሆኜ። ስጨርስ ስለ መምህሬ ክፋት ትናገራለች፥ እኔም እከላከልላቸዋለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። ስለሳቸው አንዲት ቃል አልተናገረችም። «ያን ቀን ማን አቀፈዎት?» አለችኝ።

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ በጉባኤ መካከል ቆሜ የመለስሁት ብዙ ነው። ይህን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። «ማንም» አልሁ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እሷ ዝምታውን በቃል አልሞላችውም፤ እኔ እስክገባበት ድረስ በሩን ከፍታ እንደያዘች ያህል ጠበቀችኝ። የመምህሬን «ጎበዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ በባለቤቴ መቃብር ዳር ትከሻዬን የያዙትን የካህናቱን ድምፅ፦ «እንዴት ያለ ጽናት ነው!» ሲሉ። ሁለቱ ቀኖች አንድ ሆኑብኝ።

«ልጄ፥ ባለቤቴንም እኮ ሳልሳሳት ነው የቀበርኋት» አልሁ።

ከዚህ በኋላ መናገር አልቻልሁም። እንባው ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ሽማግሌ የሚያለቅሰው ልቅሶ አልነበረም። እሷ ወንበሯን ሳትለቅ፥ ዐይኗን ሳትመልስ አብራኝ ቆየች። ሰዓቱ ሊያበቃ ሲል መሐረብ አቀረበችልኝ፤ «ሐሙስ እጠብቅዎታለሁ» አለችኝ፤ እንደ ሁልጊዜው።

ወደ ቤት አልሄድሁም። ዝናቡ አባርቶ ነበርና ባጃጅ ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፥ ወደ አሞራ ገደል ወረድሁ። ለምን እንደ ሄድሁ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው፤ ርቦኝ ነበር። ዓሣ ነጋዴው ከሩቅ አይቶኝ መጣራት ጀመረ።

«አባ፥ ዛሬ ሐሙስ ነው! ጾም የለም፥ አይሽሹን!»

«መቼ ሸሸሁ?»

«አሮብ አሮብ በዚህ ሲያልፉ አፍንጫዎን ይዘው ነዋ! እኔ ዓሣው ነው የሚያሳዝነኝ፤ ምን በድሎ ነው እንዲህ የሚሸሹት?»

ትልቁን መርጬ በፌስታል አንጠልጥዬ ተመለስሁ። ልጄ በሩን ከፈተች፤ ቀልቶ ያበጠ ዐይኔን አየች፥ ከዚያ ዓሣውን፥ ከዚያ እንደገና ዐይኔን።

«አባዬ! ማን ሞተ?»

«እናቴ» አልሁ።

«አያቴ? እሷማ አንተ ልጅ ሳለህ ነው የሞተችው።»

«አዎ። ዛሬ ገና አለቀስሁላት።»

ፌስታሉን ከእጄ ተቀብላ፦ «ግባ፤ እጅህን ታጠብ» አለችኝ፥ ልክ እናቷ ትለኝ በነበረው ቃና። የዚያን ቀን በአንድ ሳህን በላን።

ከዚህ ተነሥቼ ወዲያው ዳንሁ ብል ውሸት ይሆናል። መድኃኒቱንም አላቋረጥሁም። ከዚያ በኋላ ያሉት ብዙ ሐሙሶች ከፊተኞቹ የባሱ ከባዶች ነበሩ። በመምህሬ ላይ ቁጣ እንዳለኝ ሳውቅ ደነገጥሁ፤ ንባብንና ዜማን የሰጡኝ፥ እንጀራዬን ያበሉኝ ሰው ናቸውና። ቁጣዬን በሷ ላይ ያወረድሁባቸው ቀኖችም አሉ። አርፍጄ መጣሁ፥ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፥ አንድ ጊዜም «የናንተ ሰዎች ስለ ልቅሶ ምን ያውቃሉ» ብዬ የማይገባ ነገር ተናገርሁ። እሷ ሁሉንም ተቀበለችው፤ ለእሷ የተነገረ እንዳልሆነ እያወቀች፥ ለማን እንደ ሆነ እኔ ራሴ እስካገኘው ድረስ። ስለ ሃይማኖቴ አንድ ጊዜም ልታስተምረኝ አልሞከረችም። መምህሬም በልጅነታቸው በሌላ መምህር አለንጋ ሥር ተቀምጠው «ድገም» ሲባሉ የታየኝ በራሴ አንደበት ስናገር ነው። ቁጣዬ በዚያ አላለቀም፤ ግን ከሳቸው ጋር አብሬ መቀመጥ ቻልሁ።

ጌታችን በወዳጁ መቃብር ላይ እንዳለቀሰ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ለሐዘንተኞች ቤት እየሄድሁ «አልቅሱ፥ እንባ ነውር አይደለም» ብዬ መክሬአለሁ። ለራሴ ግን ያ ቃል እንደማይሠራ አድርጌ የኖርሁት በትምህርት ማነስ አልነበረም። ትምህርቱ በራሴ ውስጥ እስከሚደርስበት ደርሶ የቆመበት አንድ የተዘጋ ክፍል ነበረ፤ በዚያም አንድ ልጅ ከጎጆ ጀርባ እንጨት ይዞ እስኪጠሩት ይጠብቃል። ይህች ወጣት ያንን ክፍል እኔ እንድከፍተው ታገሠችኝ። አበው በበረሓ ከሚያለቅስ ሰው ጋር አብረው ይቀመጡ እንደ ነበር እናነባለን፤ እኔ ያን ዓይነት አቀማመጥ በዓይኔ ያየሁት ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። ብዙ ዐዋቂዎችን አውቄአለሁ፤ ያወቀውን ሁሉ ይዞ፥ ሌላው ሰው እንዲናገር ዝም የሚል ዐዋቂ ግን ያገኘሁት ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ እንደ ዜማ ለዓመታት የሚለመድ ሙያ እንደ ሆነ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሷን የማያት በዜማ የተካነ ሰው በማይበት ዐይን ነው።

ልጄ የምትጠብቀው ቀን የእናቷ ሙት ዓመት ነበር። እኔም እሱን ነበር የምፈራው። እመራለሁ ብል ድምፄ ላይመጣ ነው፤ ብቀር ደግሞ ልጄ እውነት በቁሜ ቀበረችኝ። በዋዜማው ወዳጄ ቤታችን መጣ።

«ትመራለህ ወይስ ልምራ?»

«እመራለሁ። ብሰናከል ግን ተቀበለኝ።»

«አንተ? ብሰናከል አልህ?» ብሎ ወደ ልጄ ዞረ። «አየሽ፥ ጊታሩን ደብቆ ነው እንጂ ይዞት መጥቷል!»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በመቃብሩ ዙሪያ ቆምን። ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። መቋሚያዬን ተደግፌ ጀመርሁ። ድምፄ ቀጥኖ ቢሆንም መጣ፤ ካህናቱም ተከተሉኝ። የባለቤቴ የክርስትና ስም ከሚጠራበት ስፍራ ስደርስ ቃሉ ጠፋ። ወደ ኋላ ተመልሼ አልተነሣሁም። ክንዴም አልተነሣም። በዚያው በቆምሁበት፥ በሰው ሁሉ ፊት፥ አለቀስሁ።

ወዳጄ ዜማውን ከወደቀበት አንሥቶ ቀጠለው። በኋላም ዐይኑን እየጠረገ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ስትሳሳት ለመስማት ጓጉቼ፥ የተሳሳትህ ቀን ልሳቅብህ እንኳ አላስቻልኸኝም» ብሎኛል። ልጄ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች። ስፍራው የወንዶችና የካህናት ነው ብላ አላሰበችም፤ የከለከላትም የለም። ከጋቢዬ ላይ በሁለት እጇ አቀፈችኝ።

አቅፋኝ ሳለ ካህናቱ ወደ መድረሻው እየተቃረቡ ነበር። አብሬአቸው ገባሁ። ድምፄ ሻካራ ነበር፥ ከነሱም ጥቂት ዘግይቷል፤ ልጄ ግን ደረቴ ላይ ጆሮዋን አድርጋ ትሰማው ነበር።